ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ለምን ነከሰ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ጥገና ዓምድ

ጥያቄ፦ ማኑዋል ማርሽ ያለው 1.3 ቶዮታ ቪትዝ አለኝ። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ፍቼን አለፍ እንዳልኩ መንገዱ በተቆፈረበት ቦታ ላይ የመኪናዬን ሆድ ድንጋይ መታው። ወርጄ ሳይ የሚንጠባጠብ ዘይት ስላልነበረ ጉዞዬን ቀጠልኩ። ዓባይ በረሃን ጨርሼ ወደ ደጀን ዳገቱን ስያያዘው በየመታጠፊያው ላይ የዘይት መብራት ብልጭ እያለ ይጠፋ ጀመር። ቆሜ በመለኪያው ዘንግ ስመለከት ዘይቱ ሙሉ ነው። አብሮኝ የነበረ ዘመዴ «ዘይት ካለ ሴንሰሩ ነው የተበላሸው» ስላለኝ ተማምኜ ነዳሁ። ከደጀን በኋላ መብራቱ በርቶ ቀረ፤ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ከሞተሩ ውስጥ ብረት ብረትን የሚመታ ድምፅ ተሰማ፤ ጉልበቱ ወደቀና ሞተሩ ጠፋ። የሙቀት መብራት ግን አንድም ጊዜ አልበራም። አሁን ቁልፉን ሳዞር «ጣ» ይላል እንጂ ሞተሩ አይዞርም። አስጎትቼ የወሰድኩበት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ካየ በኋላ ምንም ሳይፈታ «ሞተሩ ነክሷል፤ ያገለገለ ሞተር ግዛ» አለኝ። ሳይፈታ እንዴት ሊታወቅ ቻለ? ዘይት ሙሉ ሆኖስ ሞተር በዘይት እጦት ይሞታል ወይ?

አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የሁለተኛውን ጥያቄዎን መልስ አስቀድማለሁ፤ የመጀመሪያው መልስ ከእርሱ ውስጥ ይወጣልና። አዎ፣ ይሞታል። ዘይት መኖሩና የዘይት ግፊት መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመለኪያው ዘንግ የሚነግረን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

በእርስዎ ሞተር ላይ የዘይት ፓምፑ በኮሎው (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና የሞተር ዘንግ) የፊት ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከኮሎው ጋር ይዞራል። ዘይቱን የሚስበው ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ) ወለል በወረደ ቱቦ ሲሆን የቱቦው አፍ በወንፊት ተሸፍኗል። የተሳበው ዘይት በፊልትሮው (በዘይት ማጣሪያው) አልፎ ወደ ዋናው የዘይት መስመር ይገባል፤ ከዚያ ወደ ኮሎው ብሮንዚኖች (ኮሎው ተቀምጦ ወደሚዞርባቸው ስስ የብረት ቅርፊቶች)፣ በኮሎው ውስጥ በተበሱት ቀዳዳዎች በኩል ደግሞ ፒስተንን ከኮሎው ጋር ወደሚያገናኘው ክንድ፣ ወደ ቢየላ ብሮንዚኖች ይሄዳል፤ ሌላው ክፍል ወደ ቴስታታው (ወደ ሞተሩ የላይኛው ራስ) ወጥቶ ቫልቮላዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን ያለሰልሳል። በኮሎውና በብሮንዚኑ መካከል ያለው ክፍተት በእንዲህ ያሉ ትናንሽ ሞተሮች ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ግፊቱ ሳይቋረጥ ዘይት እስካቀረበ ድረስ ኮሎው በዚያ ቀጭን ክፍተት ውስጥ ባለው ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ይዞራል፤ ብረቱ ብረትን አይነካም። አቅርቦቱ ሲቋረጥ ግን ብሮንዚኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ ገጹ ይቀልጣል፣ በመጨረሻም ኮሎውን አጣብቆ ይይዘዋል፤ ሞተር ነከሰ የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ ድንጋዩን ያስቡት። የወንፊቱ አፍ ከኮፓው ወለል የሚርቀው ከአንድ ጣት ውፍረት ባልበለጠ ክፍተት ነው። ወለሉ ወደ ላይ ከተገፋ የወንፊቱን አፍ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ይደፍነዋል፤ ምቱ ቱቦውን ሰንጥቆት ወይም ከመያዣው ላይ አላቅቆት ከሆነ ደግሞ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል። በሁለቱም መንገድ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ ግፊቱ ይጠፋል። እንዲያውም ኮፓው ወደ ውስጥ ሲጨረማመት የሚይዘው ቦታ ስለሚያንስ መለኪያው ከቀድሞው ከፍ ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህም ባለቤቱን ይበልጥ ያዘናጋል። መብራቱ በዳገቱ መታጠፊያዎች ላይ ብልጭ ይል የነበረው ዘይቱ በኮፓው ውስጥ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ የመሳቢያው አፍ ወይም ስንጥቁ አየር ያገኝ ስለነበር ይመስለኛል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ዳገት ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ጭነት ይሠራል፣ ዘይቱ ግሎ ይቀጥናል፣ ብሮንዚኖቹም ከወትሮው የበለጠ ዘይት ይፈልጋሉ። ችግሩ የተፈጠረው ፍቼ አካባቢ ሆኖ ሳለ የታየው በዚህ ዳገት ላይ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

ስለ መብራቱም አንድ ነገር ልበል፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁና። የዘይት መብራት ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አይደለም። መብራቱን የሚያበራው ማብሪያ የሚሠራው ግፊቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.3 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲወርድ ነው፤ ይህም ለቆመ መኪና ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ በዝግታ ሲሠራ) እንኳ ዝቅተኛው ልክ ነው። ዳገት በሚወጣ ሞተር ላይ መብራቱ በራ ማለት ግፊቱ ከሚገባው እጅግ ወርዶ ወደ ባዶ ተጠግቷል ማለት ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቶ መብራት የሚበራበት ጊዜ በእርግጥ አለ፤ ይህ የሚታወቀው ግን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሴንሰሩ ተፈትቶ፣ በቀዳዳው ላይ የግፊት መለኪያ ታስሮ፣ ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ ሲለካ ብቻ ነው። ዘመድዎ በቅን ልቦና እንደተናገሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን መለኪያ ያልታሰረበት ሞተር ላይ «ሴንሰሩ ነው» ማለት የሚቻልበት መንገድ የለም።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። ጋራዡ የነገረዎት እውነት የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ የነገሩኝ የድምፁና የአካሄዱ ቅደም ተከተል ወደዚያ ያመለክታል። ይሁን እንጂ ግምት ምርመራ አይሆንም፤ በተለይም ውሳኔው ሞተር እስከ መግዛት የሚያደርስ ሲሆን።

መጀመሪያ መረጋገጥ ያለበት ሞተሩ በእርግጥ መንከሱ ነው። «ጣ» የሚለው ድምፅ ባትሪ ሲደክም፣ የባትሪው ገመድ ጫፍ ሲዝግ ወይም ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ራሱ ሲበላሽም ይሰማል። መኪናው ከቆመ ሳምንታት ስላለፉት ባትሪው ይለካ፤ ሙሉ ቻርጅ ያለው ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ደኅና ባትሪ ታስሮ አንዴ ብቻ ይሞከር። የነከሰ ሞተር ላይ ቁልፍ ደጋግሞ ማዞር ሞተሪኖውን ያቃጥላል፤ መኪናውን በማርሽ አስገብቶ መግፋት ወይም ማስጎተት ደግሞ ሊድን የሚችለውን ኮሎና ቢየላ ይጨርሳል። እስካሁን ማንም ይህን ካላደረገ ከዚህ በኋላም እንዳይደረግ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ቀጥሎ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የፊቱ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ይውለቅ። የነከሰው ሞተሩ ሳይሆን ዲናሞው፣ የውሃ ፓምፑ ወይም የኤሲው ኮምፕሬሰር ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ በዚያ ቺንጋ የሚዞሩ ስለሆኑ አንዱ ከደረቀ መላውን ሞተር ሊያስር ይችላል። ከዚያ አራቱም ካንዴላዎች (በየሲሊንደሩ ብልጭታ የሚሰጡት) ይውጡ። በሲሊንደር ውስጥ ውሃ ወይም ቤንዚን ከገባ ፒስተኑ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል ሞተሩ የነከሰ ይመስላል፤ ካንዴላው ሲወጣ ግን ፈሳሹ ይወጣና ሞተሩ ይለቃል። ሞተሩ ሲዞር ፈሳሹ በኃይል ሊረጭ ስለሚችል ማንም ሰው ፊቱን ከካንዴላው ቀዳዳ በላይ እንዳያደርግ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ መካኒኩ በኮሎው የፊት ብሎን ላይ ልክ የሆነ ቡሶላ (የብሎን መፍቻ) አግብቶ፣ ክንድ በሚያህል እጀታ፣ ከፊት ሲታይ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ በእጁ ብቻ ያዙረው። ረጅም ቧንቧ ቀጥሎ መታገል አይገባም፤ የምንፈልገው ሞተሩን ማስለቀቅ ሳይሆን ምን እንደያዘው መስማት ነው። ጥቂት ዲግሪ ተንቀሳቅሶ ግድግዳ እንደመታ ድርቅ ብሎ ከቆመ የተሰበረ ነገር አለ፤ ካቴናው (ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት) ዘሎ ቫልቮላና ፒስተን ተገናኝተው ሊሆን ይችላል። ትናንት አልዞር ብሎ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በቀላሉ ከዞረ በሙቀት የተጣበቀ ፒስተን ይጠረጠራል፤ የእርስዎ የሙቀት መብራት ስላልበራና ችግሩም ከሳምንታት በኋላ ስላልተለወጠ ይህን ወደ ኋላ አደርገዋለሁ። ፈጽሞ ካልተነቃነቀ፣ ወይም እያስረቀረቀና እየከበደ ትንሽ ከዞረ፣ ብሮንዚን ነው የምንፈልገው። የማርሽ ሳጥኑም እንዳይዘነጋ፤ ፍሪሲዮኑ ተረግጦ የሞተሩ ሁኔታ ከተለወጠ ጥፋቱ ከሞተሩ ውጭ ነው።

ከዚህ በኋላ ዘይቱ ይነግረናል። ዘይቱ በንጹሕ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ይፍሰስ፤ ሳይነካና ሳይነቀነቅ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ዘይቱ ቀስ ተብሎ ይገልበጥና በሳፋው ወለል ላይ የቀረው ደለል በፀሐይ ይታይ። ብሮንዚን ሲበላ በአብዛኛው የሚወጣው የብር ወይም የመዳብ ቀለም ያለው፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ደቃቅ ነው፤ ማግኔት አይስበውም፤ የብሮንዚን ገጽ ከአሉሚኒየም፣ ከቆርቆሮ ወይም ከመዳብ ቅይጥ የተሠራ ነውና። ማግኔቱ የሚስበው ነገር ካለ ጉዳቱ የኮሎውን ብረት፣ የካቴናውን ወይም የብሮንዚኑን የብረት ጀርባ ደርሷል። ዘይቱ ቡና በወተት የመሰለ ቀለም ካለው ውሃ ገብቶበታል። ፊልትሮውም በመጋዝ ተሰንጥቆ ወረቀቱ ይዘርጋና ይጨመቅ፤ በፊልትሮው ወረቀት ላይ ያለው ብናኝ ጥፋቱ የቆየ ይሁን ድንገተኛ የሚናገር ማስረጃ ነው፤ ከሳፋው በበለጠ የማምነውም እርሱን ነው። ወደ ውጭ ተጥሎ ከጠፋ መልሰው አያገኙትም፤ ስለዚህ ለጋራዡ አሁኑኑ ይንገሩ።

የሁሉ ነገር ማዕከል ግን ኮፓው ነው። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ድጋፍ ላይ ቆሞ የታችኛው የላሜራ ኮፓ ይውረድ። ከመውረዱ በፊት ከውጭ የጎደጎደበት ቦታ ፎቶ ይነሳ። ከወረደ በኋላ በወንፊቱ አፍ ላይ ጠንከር ያለ ትንሽ ሊጥ ይለጠፍ፣ ኮፓው ወደ ቦታው ተመልሶ በሁለት ሦስት ብሎን ይያዝ፣ እንደገና ይውረድና የሊጡ ውፍረት በካሊፐር ይለካ። ሊጡ ወረቀት ያህል ቀጥኖ ከተገኘ የሞተሩን ገዳይ አገኙት፤ የጉድጓዱ ጥልቀትና የሊጡ ቅርጽም እርስ በርስ ይመሳከራሉ። ሊጡ ወፍራም ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቱቦው ይውጣና በውስጡ አየር እየተነፋ ስንጥቅ ይፈለግ፤ ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበት ጋርኒሲዮንም (ማሸጊያም) ይታይ። ሦስተኛው ተጠርጣሪ ሲሊኮን ነው። ኮፓ ሲገጠም ሲሊኮን በብዛት የሚቀባ መካኒክ ብዙ ነው፤ ወደ ውስጥ ተጨምቆ የሚገባው ትርፍ ደርቆ ይቆረሳል፤ በቁርጥራጮቹም ወንፊቱ ይደፈናል። ከወንፊቱ ላይ የሚገኘው ነገር ሁሉ በጨርቅ ላይ ተቀምጦ ለእርስዎ ይታይ።

ከዚህ በኋላ የነከሰው ቦታ ይፈለጋል። የቢየላ ካፖች (ቢየላውን ከኮሎው ጋር የሚያስሩት ክዳኖች) ቁጥርና አቅጣጫ ምልክት ተደርጎባቸው አንድ በአንድ ይፈቱ፤ እያንዳንዱ ካፕ ሲላላ ኮሎው በእጅ ይሞከር። አንደኛው ካፕ ተፈትቶ ኮሎው ከለቀቀ የነከሰው እርሱ ነው፤ ብሮንዚኑ ከቦታው ዞሮ፣ የኮሎው ገጽ ተቧጥጦና በሙቀት ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ይገኛል። አራቱም ተፈትተው ኮሎው ካልዞረ ጥፋቱ በኮሎው ብሮንዚኖች ወይም በፓምፑ ላይ ይፈለግ። የቴስታታው ክዳንም ይከፈት፤ በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ ብሮንዚን ሳይኖረው በቀጥታ በቴስታታው አሉሚኒየም ላይ ስለሚዞር፣ ዘይቱም ወደዚያ የሚደርሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ ስለሆነ፣ የካምሻፍቱ መቀመጫ ቀድሞ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። ይህ ሳይታይ ከሥር ብቻ የተደረገ ጥገና ሁለተኛ ወጪ ያስከትላል።

የሚታደስ ወይስ የሚለወጥ የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። አንድ የቢየላ ብሮንዚን ብቻ ነክሶ ኮሎው ሊሞረድ የሚችል ከሆነ ማደስ ያዋጣል፤ ግን ኮሎውን ወደ መሞረጃ ከመላክዎ በፊት ለዚህ ሞተር ለተሞረደ ኮሎ የሚሆን ባለ 0.25 ሚሊ ሜትር ልክ ብሮንዚን በእጅዎ መግባቱን ያረጋግጡ። ኮሎ ተሞርዶ ብሮንዚን ጠፍቶ ለወራት የቆመ መኪና አይቻለሁ። ብሮንዚኑ የዞረበት ቢየላ የራሱ ክብነት ስለሚበላሽ ይለወጥ እንጂ አይጠገን። የብሎኩ መቀመጫ ከተጎዳ ወይም ቴስታታው ከተበላ ያገለገለ ሞተር መፈለጉ ትክክል ይሆናል። ሲገዙም የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ይቀበሉ፤ የሞተር ቁጥሩ በሊብሬዎ ላይ ስለሚለወጥ ያለ እርሱ ይቸገራሉ።

እዚህ ላይ ከራሴ የደረሰብኝን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት የቤተሰባችን መኪና ሞተር ነክሶ አንድ ጋራዥ ምክንያቱን ሳይፈልግ ያገለገለ ሞተር ገጠመልን። የተገዛው ሞተር ኮፓ ስላልነበረው የድሮው ኮፓ ከነወንፊቱ ተዛውሮ ታሰረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዲሱ ሞተር እንደ ፊተኛው ነከሰ። ወንፊቱን ስንከፍተው በደረቀ ሲሊኮን ተሞልቶ ነበር፤ ሁለቱንም ሞተሮች የገደለው ያ አንድ ወንፊት ነው። እናቴ ለሁለተኛው ሞተር የከፈለችውን ገንዘብ እንዴት እንዳጠራቀመች ስለማውቅ ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ እርስዎ የሚገዙት ሞተር ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የተጎደጎደው ኮፓና የአሁኑ ወንፊት ወደ እርሱ እንዳይዛወሩ፤ ኮፓው በመዶሻ ቀንቶም ቢሆን አይመለስ፤ አዲስ ወይም ጉዳት የሌለው ኮፓና አዲስ ወንፊት ይግቡ። ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሳ ካንዴላዎቹ ወጥተው በሞተሪኖ ብቻ ይዙር፤ በሴንሰሩ ቀዳዳ ላይ የታሰረው መለኪያ ግፊት ሳያሳይ ካንዴላ አይግባ።

ጋራዡን ሲያነጋግሩ ክርክር ውስጥ አይግቡ። «ኮፓውና ፊልትሮው እኔ ባለሁበት ይከፈቱልኝ፤ ለዚህ ሥራ እከፍላለሁ» ይበሉ። ይህን እምቢ የሚል ባለሙያ ካለ መኪናውን ወደ ሌላ ማስጎተት ሞተር ከመግዛት እጅግ ይቀላል።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ሃይስ ሚኒባስ ባለ 5ኤል ናፍጣ ሞተር ነው። ከቀትር በኋላ ሞተሩ ሲግል በሚኒሞ የዘይት መብራቱ ይንቀጠቀጣል፤ ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል። ጓደኞቼ ወፍራም ዘይት አድርግበት ይሉኛል። ልስማቸው?

ሾፌር፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሳይለኩ አይስሟቸው። ወፍራም ዘይት መብራቱን ሊያጠፋው ይችላል፤ የተበላውን ብሮንዚን ግን አይመልሰውም፤ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወደ ብሮንዚኖቹ ለመድረስም ይዘገያል። የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ይሂዱና ሞተሩ እንደጋለ ያስለኩ፤ የዚህ ሞተር ልክ በሚኒሞ ቢያንስ 0.3፣ በ3,000 ዙር ደግሞ ቢያንስ 2.5 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ግፊቱ በሁለቱም ላይ ደኅና ከሆነ ሴንሰሩን ይለውጡ፤ ይህ ርካሹና ደስ የሚያሰኘው ውጤት ነው። በሚኒሞ ወርዶ በ3,000 ዙር ልኩ ላይ ከደረሰ ብሮንዚኖቹ መላላት ጀምረዋል፤ ኮፓው ወርዶ የቢየላ ብሮንዚኖች ይታዩ፤ በዚህ ጊዜ ላይ የሚለወጥ ብሮንዚን ኮሎውን ያድናል። በሁለቱም ከልኩ በታች ከሆነ ወንፊቱ፣ ፓምፑና የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቩ እስኪታዩ ድረስ መኪናው ሰው ጭኖ ከአዳማ አይውጣ። ዘይቱ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ወይም መጠኑ ከጨመረ ደግሞ ናፍጣ እየተቀላቀለ እያቀጠነው ስለሆነ ከሁሉ በፊት ኢንጀክተሮቹና የናፍጣ ፓምፑ ይመርመሩ።